ሼፍና አስተናጋጅ የማሰልጠን ኃላፊነት የማነው? ከደብረ ብርሃን የተነሳ ጥያቄና የመጡት ምላሾች

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን አንድ ሆቴል ውስጥ የኪችን ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። የጠየቅኩት አጭር ነው። ለሆቴልና ለምግብ ቤት የሚሆን ሠራተኛ ማሰልጠን ያለበት ማነው? መንግሥት? ኮሌጁ? ባለሆቴሉ? ወይስ ልጁ ራሱ ከፍሎ ይማር?

አቋሜንም አብሬ ጻፍኩ። ቀዳሚው ኃላፊነት የአሠሪው ነው። ይህን የምለው ባለሆቴል ለመውቀስ አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናው አሠራር ራሱ የታሰበው እንዲህ ነው። በትብብር ሥልጠና ከጊዜው 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በኮሌጅ ነው የሚባለው። ስለዚህ የልጁ ትምህርት ትልቁ ክፍል ያለው እኛ ኪችን ውስጥ ነው። ታዲያ እኛ ጋ ሲመጣ ምን ይሠራል? ሽንኩርት ይልጣል። ድስት ያጥባል። ሥራ ሲቀንስ ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል። ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱን እንፈርምለታለን። እኔ ይህን ሥልጠና ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩ። ኃላፊነቱ የሆቴሉ ነው ብሎ ማለፍም አይበቃም። ልጁን የሚያስተምረው ሕንፃው አይደለም፤ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ትዕዛዝ የተደራረበበት ሼፍ ነው። ለማስተማሪያ ሰዓት ካልተሰጠው፣ ለዚያም ካልተከፈለው፣ አያስተምርም። ስለዚህ ጥያቄዬ በደንብ ሲነገር ይህ ነው፦ የሼፉን ሰዓት ማን ይክፈል?

ምላሹ በዛ። ሁሉን ማንበብ ለማይመቸው ሰው እንዲሆን በቁጥራቸው እየጠራሁ እተርካለሁ። የዘለልኳቸውም አሉ።

የመጀመሪያው መላሽ በአክብሮት ነው የገባው። ሪሰፕሽን ላይ የሚሠራ ወጣት ነው። በሐሳቤ ተስማማ። ግን ሁልጊዜ ሲወራ ሼፍ ሼፍ እንደሚባል፣ በር ላይ እንግዳውን የሚቀበለውን ማንም እንደማያነሳ ጻፈ። እሱ ሥራውን የተማረው ሲሳሳት በእንግዳ እየተሰደበ ነው። ይህን ያለ ምሬት ነው የተናገረው፤ እኔን ግን ቆረቆረኝ።

ሁለተኛው ሸዋ ሮቢት ላይ ምግብ ቤት ያለው ሰው ነው። እሱ ነው ውይይቱን ያጋለው። አንድ ልጅ ቢላዋ መያዝ ሳያውቅ ተቀብሎ፣ ሥጋውንም ጋዙንም ከራሱ አውጥቶ እንዳስተማረው ተረከ። ልጁ ጥብሱን፣ ፓስታውን፣ ሾርባውን በደንብ ሲይዝ አዲስ አበባ ሄደ። አንድ ቀን እንኳ ቀደም ብሎ አልነገረውም። በበዓል ሰሞን ነው ጥሎት የሄደው። ከዚያ ወዲህ ይህ ሰው ማንንም አያሰለጥንም። የተዘጋጀ ሰው ይቀጥራል፣ ካጣ ራሱ ይቆማል። እኔ ለሌላው ሰው ሠራተኛ የማዘጋጀው በምን ዕዳዬ ነው የሚል ነበር ጥያቄው።

ይህን ብዙ ሰው ወደደለት። እውነት አለውና።

ሦስተኛው በአንድ መስመር መለሰለት፤ ደሞዙን ብትጨምርለት ባልሄደ ነበር የሚል። አራተኛው ያው የሸዋ ሮቢቱ ሰው ተመልሶ ነው። ተቆጥቷል። የዘይት ዋጋ፣ የመብራት መቋረጥ፣ መንገዱ ሲዘጋ የሚጠፋው እንግዳ፣ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ስለ ደሞዝ የሚያወራ ሰው አንድ ወር እንኳ ቤት ከፍቶ ይሞክረው አለ።

አምስተኛው ናይሮቢ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። ረጋ ባለ ቃል ሌላ አገር እንዴት እንደሆነ አሳየን። ኬንያ ውስጥ ሆቴልና ምግብ ቤት ከገቢው 2 በመቶ ያዋጣል። እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተው የሆቴል ሙያ ማሰልጠኛ፣ የኡታሊ ኮሌጅ፣ ለረጅም ዓመታት የቆመው በዚህ መዋጮ ነው። ስለዚህ አንድ ባለሆቴል ያሰለጠነው ልጅ ሌላ ጋ ቢሄድ ያኛውም ከፍሏል፤ ማንም ተበላሁ አይልም። ጀርመንንም አነሳ። እዚያ ምግብ አብሳይ ለመሆን 3 ዓመት ይፈጃል። ልጁ ከሚለማመድበት ቤት ደሞዝ እያገኘ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ይሄዳል። እኛ የወሰድነው የሥልጠና አሠራር ከዚያ ጋር ይመሳሰላል። የጎደለን ከፋዩ ነው ብሎ ደመደመ።

ስድስተኛው ላይ ልቆይ። የጻፈችው በአንድ ኮሌጅ የምግብ ዝግጅት አሰልጣኝ ናት። ስድቡ ሁልጊዜ በእነሱ ላይ እንደሚያበቃ ተናገረች። ተመራቂ ቢላዋ አያውቅም ይባላል። ለተግባር ትምህርት የሚደርሳት ግን ለአንድ ክፍል አንድ ዶሮ ነው። ብልቷን አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ከበው ያያሉ። ምድጃው ካለ ጋዙ የለም። ጋዙ ሲመጣ ምድጃው ተበላሽቷል። ልጆቹን ለትብብር ሥልጠና ይዛ ስትወጣ ደግሞ ባለሆቴሎች በር ላይ ይመልሷታል። የተቀበሉትም ቢሆኑ ልጁን ኪችን አያስገቡትም፤ ሰሃን ማጠቢያው ጋ ያቆሙታል። ከዚያ ልጁ የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ይቀመጣል። ሲኦሲ ሲወድቅ ኮሌጁ ይወቀሳል። ሰባው በመቶ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሰባተኛው እዚሁ ላይ ገባ፣ ያለ ርኅራኄ። አሰልጣኞቹ ራሳቸው ሆቴል ሠርተው አያውቁም፤ ከመጽሐፍ ተነስተው ስለ ሶስ ያስተምራሉ፤ ልጆቹ ስለ ፈረንሳይ ሾርባ ጽፈው ይመጣሉ፣ ሽሮ ግን ያጓጉላሉ አለ። ስምንተኛው የእሷ መልስ ነው። አልተቆጣችም። እሷ ወደ ማስተማር ከመግባቷ በፊት ሆቴል እንደሠራች፣ ባልደረቦቿ ግን ዕድሉን እንዳላገኙ አመነች። ኮሌጁ ሲዘጋ በክረምት አሰልጣኞች ሆቴል ገብተው ቢሠሩ እንደምትፈልግ፣ የሚቀበላቸው ቤት ካለ ስሙን እንዲነግራት ጠየቀችው። እሱ ዝም አለ። እኔ ግን በግል ጻፍኩላት፤ የእኛን ኪችን።

ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሦስት ድረስ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ግን የጠቀመ መሄድ ነው። ዘጠነኛው መላሽ ድሬዳዋ የለመደ አብሳይ ነው። ደብረ ብርሃን በተቀጠረ ሰሞን ፓስታውም ሩዙም ጥሬ እየሆነ ይመለስበት ነበር። አለቃው ሰነፍ አለው። እሱም ሙያው የጠፋበት መሰለው። ነገሩ ከፍታው ነበር። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ 90 ወይም 91 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች 95፣ 96 ትደርሳለች። መንዝ ውስጥ ያለችው መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናትና ከእኛም ያንሳል። እሳት ብትጨምር ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ የበለጠ አይሞቅም። ማድረግ ያለብህ ጊዜ መጨመር ነው፣ ወይም ክዳኑ የሚጠብቅ ፕሬዠር ድስት መጠቀም ነው። ይህን ማንም እንዳልነገረው ጻፈ።

ይህ በጣም ገባኝ። ከሸዋ ሮቢት ወደ መንዝ በአንድ ቀን መንገድ የሚወጣ ልጅ አንድ ዓይነት የምግብ አሠራር ይዞ ሁለት ዓይነት ውጤት ያገኛል። የሥልጠና መጽሐፍ ይህን ቢይዝ እንኳ ልጁን አጠገቡ ቆሞ የሚያሳየው የቦታው ሰው ነው። ለአሠሪው ኃላፊነት ይሰጥ የምለው በዚህም ምክንያት ነው።

አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ስለ ባቄላና ሽምብራ ተከራከሩ። አንዱ ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ግዴታ ነው ይላል። ሌላዋ ፕሬዠር ካለ አያስፈልግም ትላለች። አሥራ ሁለተኛው የብርዱን ጉዳይ አነሳ። በኅዳርና በታኅሣሥ እዚህ ሊጥ ለመቡካት ጊዜ ይወስዳል፤ በሞቃት አገር ልምድ አብሲት ጥላ እንጀራ የምትጋግር ልጅ ዓይን የሌለው እንጀራ ይዛ ትቀራለች። አሥራ ሦስተኛው የሸኖ ቅቤ ዋጋ ላይ ገባና አማረረ። ከዚያ ዋናው ጉዳይ ተመልሶ መጣ።

ያመጣችው አሥራ አራተኛዋ ናት። ደብረ ሲና ላይ አስተናጋጅ ናት። ደጋግሜ ያነበብኩት የእሷን ነው።

ሥራ ያገኘችው በደላላ ነው። ሥልጠናዋ ግማሽ ቀን ነበር። ትሪ ሰጧት፣ የጠረጴዛ ቁጥር ነገሯት፣ ፈገግ በይ አሏት። ምግቡ ውስጥ ምን እንዳለ የነገራት የለም። አንድ ቀን እንግዳ ወጡ ቅቤ አለው ወይ ብሎ ጠየቃት። ጾም ነበር። አታውቅም። የለውም አለች። ቅቤ ነበረው። ሰውየው ከበላ በኋላ አወቀ፤ ተነስቶ በሰው ፊት አዋረዳት። ሒሳቡም ከደሞዟ ተቆረጠ። ብርጭቆ ሲሰበር ይቆረጣል። ሳይከፍል የሚሄድ ሰው ሲኖር ይቆረጣል። እንግዳው ደረሰኝ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ እየከፈለ ይሄዳል፤ ያ ገንዘብ የት እንደሚገባ አይታ አታውቅም። ታዲያ እኔን ያላስተማረኝ ሰው በምን አንደበቱ ስለ መስተንግዶ ያወራል አለች። ቃሏ ስለታም ነበር።

አሥራ አምስተኛው ሰውዬ እንዲህ ብሎ ባይጽፍ በተሻለ ነበር። አስተናጋጆች ሲባሉ ስልክ ላይ ናቸው፣ አሥር ጊዜ ጠርተሃቸው አይሰሙም፣ ቲፕ ሲያንስ ፊታቸው ይጠቁራል አለ። የሷን ታሪክ ያነበበ አይመስልም። ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ያሉት ሁሉ እሱን ነው የወረዱበት። አንዱ በጣም ሻካራ ቃል ስለተጠቀመ እዚህ አልደግመውም። አሥራ ስምንተኛዋ ግን ነገሩን ወደ ቁም ነገር መለሰችው። ልጇ አስተናጋጅ የሆነች እናት ናቸው። ልጃቸው ከጠዋት እስከ ምሽት ቆማ ውላ እግሯ አብጦ እንደምትመጣ ጻፉ። አሥራ አምስተኛውን ልጄ ብለው ነው የጠሩት። አንተም እህት ይኖርሃል አሉት፣ ሌላ አልጨመሩም። እሱም ይቅርታ ጠየቀ።

ሃያኛው ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው። ለአሥራ አራተኛዋ የጻፈው መልስ ለሁሉም አስተናጋጅ ይጠቅማልና በደንብ ልንገራችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ይላል። ከደሞዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በዚያም ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። አለቃ ስለተናደደ ብቻ አይቆረጥም።

ይኸው ሰው ለሸዋ ሮቢቱም መልስ ነበረው። በዚሁ አዋጅ ስለ ሙያ ልምምድ ውል የተጻፈ አለ። ዕድሜው ከ15 ዓመት ያላነሰ ሰው በልምምድ ሊያዝ ይችላል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል። ምን ዓይነት ሙያ እንደሚማር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ በልምምዱ ጊዜ ምን እንደሚከፈለው፣ የሥራው ሁኔታ ምን እንደሆነ ይጻፍበታል። ሲጨርስ አሠሪው የተማረውን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። የሸዋ ሮቢቱ ሰው ልጁን በቃል ነው የያዘው። ልጁም በቃል ሄደ። ውል ቢኖር ሁለቱም የሚጠይቁት ነገር ይኖራቸው ነበር።

ሃያ አንደኛው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚመላለስ ሾፌር ነው። ተሳፋሪ ግማሽ ሰዓት ነው ያለው፣ ሥልጠና ምናምን ሳይሆን ፍጥነት ስጡን አለ። ቀጥሎ ያለው ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሰዎቹ ወርደው መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ መጸዳጃ ቤት ነው። እዚያ ያዩትን አይተው ምግብ የማያዝዙ ብዙ ናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋን ማን አሰለጠናት? ሼፉ ቢሠለጥን፣ አስተናጋጁ ቢሠለጥን፣ እሷ ከተረሳች ቤቱ ደንበኛ አጣ። ልክ ነው። እኔም በጥያቄዬ ውስጥ ሳላነሳት የቀረችው እሷ ናት፤ ከዚህ በኋላ ስለ ሥልጠና ስጽፍ ከሁሉ በፊት አስቀድማታለሁ።

ሃያ ሁለተኛው አባት ከአንኮበር ናቸው። ረዥም ነው የጻፉት። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት የሸዋ ቤተ መንግሥት አንኮበር ነበር። ግብር ሲበላ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱ የየራሱ አለቃ ነበረው። አሳላፊው ትሪ ተሸካሚ ብቻ አልነበረም፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ለማን ምን እንደሚቀድም ያውቃል። ይህን ያወቀው ከላይ ካለው ሰው እግር ሥር ቆሞ ነው። በሠርግና በተዝካርም እንዲሁ ነው ይላሉ። ሴቶቹ ለድግስ ሲጠሩ ልጃገረዶችን ይዘው ይሄዳሉ። አንዷ ትከትፋለች፣ አንዷ ቁሌት ታያለች፣ ቀስ እያለች ቅመም ወደመጨመር ትደርሳለች። ቅመም መጨመር የሚፈቀድላት መጨረሻ ላይ ነው። እሳቸው እንደሚሉት የጠፋብን ይህ ደረጃ ነው።

ሃያ ሦስተኛዋ እናቷ የታወቁ የድግስ ወጥ ሠሪ የነበሩ ሴት ናት። እናቷ ለብዙ መቶ ሰው የሚሆን ዶሮ ወጥ ያለ ሚዛን ይሠሩ ነበር። አንድ ሆቴል ሥራ ሲጠይቁ ግን ወረቀት የለሽም ተብለው ተመለሱ። እዚህ ላይ የኮሌጇ አሰልጣኝ በሃያ አራተኛው ገብታ ጥሩ ነገር አስታወሰች። የሙያ ብቃት ምዘና ኮሌጅ ለተማረ ብቻ አይደለም። በሥራ ላይ የተማረም፣ ከእናቱ የተማረም ሰው ተመዝግቦ መፈተን ይችላል። ካለፈ ወረቀቱ ያው ነው። ችግሩ ምዘናው የጽሑፍ ክፍል ስላለው ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች መፍራታቸው ነው። እዚያ ላይ የሚረዳቸው ሰው ያስፈልጋል።

ሃያ አምስተኛው ከመንዝ ነው። ወደ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጡ ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ምግብ አብሳያቸውን ከአዲስ አበባ ይዘው ይመጣሉ። ጎመኑም፣ ዱቄቱም፣ አንዳንዴ እንቁላሉም ከዚያው ይመጣል። የመንዝ በግ ደጃፋቸው ላይ እየጋጠ ሥጋው ከሌላ አገር ይመጣል። ገንዘቡ አይቶን ይመለሳል አለ። ጓሳን ለዘመናት የጠበቀው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ታዲያ ከዚያ የሚገኘው የእንጀራ ገመድ ለምን ሌላ ሰው እጅ ይገባል? በእሱ ሐሳብ እዚያ የሚያስፈልገው ትልቅ ኮሌጅ አይደለም። ጥቂት ወጣቶች በድንኳን ላይ ምግብ ማብሰል፣ ውኃ አፍልቶና አጣርቶ ማቅረብ፣ የገብስ ምግቡን፣ በሶውን፣ ቂንጬውን ለፈረንጅ በሚጥም መንገድ ማዘጋጀት ቢማሩ ይበቃል። ይህን የማሰልጠን ኃላፊነት የሚሰጠው ለአስጎብኚ ድርጅቶቹ ነው። እነሱ ናቸው አብሳይ ጭነው የሚመጡት፤ ያንኑ አብሳይ ለጥቂት ጉዞ አስተማሪ አድርገው ያምጡት። እኔ ከመጡት ሐሳቦች ሁሉ ይህን በጣም ወድጄዋለሁ። ወጪው ትንሽ ነው፣ የሚሠራው ሰውም ይታወቃል።

ሃያ ስድስተኛው የጤና ባለሙያ ነው። ሌላው ሁሉ ይቆይ፣ ሥልጠናው ከንጽሕና ይጀምር አለ። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ጣውላ ላይ ሰላጣ አይከተፍም። የበሰለ ምግብ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቅ ሆኖ ይቀመጥ፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ። በመካከል ያለው ጀርም የሚራባበት ነው። ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር የሌለው ኪችን በግምት ነው የሚሠራው። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብሎ የማታውን ወጥ ጠረጴዛ ላይ የሚያሳድር ቤት አለ፤ የኪችን ውስጥ ብርድ እንደ ፍሪጅ አይደለም። ይህ ኃላፊነት ለማንም የሚገፋ አይደለም ብሎ ጠንከር ባለ ቃል ተናገረ። ሰው ቢታመም የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።

ሃያ ሰባተኛው ቁርጥስ እንዴት ሊሆን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ስለ ኮሶና ስለ ቁርጥ ትንሽ ተወራ። አልፈዋለሁ።

ሃያ ስምንተኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሁሉንም ካነበብኩ በኋላ አቋሜ አልተለወጠም፤ ጠበቅ አደረግኩት። ኮሌጁ መሠረቱን ያስይዝ፤ ንጽሕና፣ ቢላዋ፣ ልኬት፣ ሒሳብ። መንግሥት ምዘናውን ያስተካክል፣ ለተግባር ትምህርቱም በጀት ይስጥ። ባለሆቴሉ ደግሞ ከሼፉ ሰዓት ላይ ለማስተማሪያ ይልቀቅ። በእኛ ቤት ከምሳ በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ሥራ ይቀንሳል። ያ ሰዓት በሥራ ፕሮግራም ላይ ማስተማሪያ ተብሎ ይጻፍ። ማን እንደሚያስተምር ስሙ ይጻፍ። ልጁ በየስንት ሳምንቱ ከየት ወደ የት እንደሚዛወር ይጻፍ፤ ከማጠቢያ ወደ ዝግጅት፣ ከዝግጅት ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ ሳህን ማቅረብ። አስተናጋጅ ደግሞ የሜኑውን ምግብ ሁሉ ቀምሳ፣ ውስጡ ያለውን አውቃ ነው ወደ እንግዳ የምትወጣው። የደብረ ሲናዋ እህታችን ያን ቀን የተዋረደችው ወጡን ያላስቀመሳት ሰው ስላለ ነው።

ሃያ ዘጠነኛው የመዋጮውን ሐሳብ አጣጣለው። ገንዘቡን ማን ይይዛል፣ ኮሚቴ ተብሎ ይበላል አለ። ሠላሳኛው የሸዋ ሮቢቱ ሰው ነው። አሁን ለዘብ ብሏል። መዋጮን አይደግፍም፤ በዚህ ከሃያ ዘጠነኛው ጋር ነው። በጽሑፍ ውል ግን ተስማማ። ለአንድ ዓመት ቢፈርሙለት፣ ልጁ መሄድ ሲፈልግም አስቀድሞ ቢነግረው፣ ሁለት ልጅ ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን ጻፈ። የኮሌጇ አሰልጣኝ ወዲያው ስልኩን በግል ጠየቀችው። ሦስተኛው መላሽ፣ ያ ስለ ደሞዝ በአንድ መስመር የወጋው፣ ተመልሶ አመሰገነው።

ሠላሳ አንደኛው ግን ከባዱን ጥያቄ ጠየቀኝ። የሼፉ ሰዓት ተገኘ እንበል። ልጁ የሚለማመድበት ሥጋና ዘይት ከየት ይመጣል? የእንግዳውን ምግብ አበላሽቶ ይማር?

መልሴ የሠራተኛ ምግብ ነው። ብዙ ሆቴል ለሠራተኛው ምሳ ያበላል። ወጪው ድሮም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚሠራው ጊዜ ያለው ሰው ነው፤ ያም ቸኩሎ። ያን ድስት ለሠልጣኙ ስጡት። ሼፉ አጠገቡ ይቁም፣ ይቅመስ፣ ያርመው። ልጁ በሳምንት ስድስት ጊዜ ለብዙ ሰው ያበስላል ማለት ነው። ኮሌጅ ውስጥ በዓመት ያን ያህል ዕድል አያገኝም።

ሠላሳ ሁለተኛዋ ሠራተኛው ቢያማርርስ አለች። ያማርር። እኛ ጋ ጨው ሲበዛ የሚናገረው ሠራተኛው ነው፤ እንግዳ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ አይመለስም። ለሠልጣኙ ከሁሉ የሚጠቅመው ያ ቅሬታ ነው።

ሠላሳ ሦስተኛው የሳምንቱን የሠራተኛ ምሳ ዝርዝር እንድለጥፍለት ጠየቀ። ለጠፍኩለት። ሰኞ ምስር ወጥና ጎመን፤ ቁሌት መሥራትና እሳት መቆጣጠር የሚለመድበት። ማክሰኞ ፓስታ በሥጋ ሶስ፣ ጊዜው ለደብረ ብርሃን ከፍታ ተጨምሮ። ረቡዕ ሽሮና የጾም ሰላጣ፣ ጣውላ ተለይቶ። ሐሙስ ሩዝና የአትክልት ወጥ። አርብ ሽምብራ አሳ፣ ሐሙስ ማታ ዱቄቱ ተነፍቶና ተዘጋጅቶ። ቅዳሜ ጥብስ፣ ሥጋውን ልጁ ራሱ ከአጥንት ለይቶ የከተፈው። በዐቢይ ጾም ማክሰኞና ቅዳሜ ይለወጣሉ፤ ፓስታው በቲማቲም፣ ጥብሱ በእንጉዳይ ይሆናል።